ረጅም ዕድሜና የደም ግፊት፦ የምሥራቅ አፍሪካ የመቶ ዓመት ታሪክ ስለ ጤናማ ልማዶች ምን ያስተምራል?

እአአ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በምዕራብ ኬንያ ገጠር በሚገኝ ሆስፒታል ያገለግል የነበረው ብሪታኒያዊው ሐኪም ሲ ፒ ዶኒሰን፣ ለሙያ ባልደረቦቹ ለማመን የሚያዳግት ነገር አስተዋለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ሆስፒታሉ ከገቡት 1,800 ያህል ሕሙማን መካከል ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት አንድም ሰው አላገኘም።

ሐኪሙ በዚህ ብቻ አላበቃም። ጤነኛ የሆኑ 1,000 ያህል የአካባቢውን ነዋሪዎች ግፊት ለካ። እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ገደማ የነዋሪዎቹ ግፊት ከአውሮፓውያን ጋር ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የአውሮፓውያኑ ከዕድሜ ጋር ወደ ላይ ሲወጣ፣ የኬንያውያኑ ቀስ በቀስ ዝቅ ይል ነበር። ውጤቱ እአአ በ1929 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ።

ይህ ከሆነ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ዛሬ ያለው ሥዕል ፈጽሞ የተለየ ነው። እአአ በ2015 በኬንያ በተካሄደ አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ወደ ሩብ የሚጠጉት ግፊታቸው ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ጊዜም እንኳ ተለክተው አያውቁም ነበር። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ከፍተኛ ግፊት የተገኘባቸው አዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ ነበሩ።

የአንድ ሕዝብ የዘር ውርስ በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ሰው የሚኖርበት ቦታ፣ የሚቀርብለት ገበታ፣ የሚሠራው ሥራና የሚውልበት ሁኔታ ነው። ለዚህም ነው የምሥራቅ አፍሪካ የደም ግፊት ታሪክ፣ ዕድሜን ስለሚያራዝሙና ስለሚያሳጥሩ ልማዶች ብዙ የሚያስተምረው።

ሕመም ሳያሰማ የሚጎዳ

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም የደም ቧንቧዎችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል የደም ግፊት ይባላል። ሲለካ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ደግሞ በሁለት ምቶች መካከል ዘና ስትል ያለውን ኃይል ያሳያል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት መሠረት በሁለት የተለያዩ ቀናት ሲለካ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት ይባላል።

አስቸጋሪው ነገር ግፊቱ በአብዛኛው ምንም ዓይነት ስሜት የማይሰጥ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው "ግፊት ቢኖርብኝ ኖሮ ራሴን ያመኝ ነበር" ብሎ ያስባል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሕመም ሳይሰማ ለዓመታት የቆየ ግፊት የደም ቧንቧዎችን ያደነድናል፣ ልብን ያደክማል፣ ኩላሊትን ያቆስላል፣ ዓይንን ይጎዳል። አንድ ቀን በአንጎል ውስጥ ያለ ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ስትሮክ ይከሰታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው። ግማሽ ያህሉ ይህን አያውቁም። ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ናቸው።

ዕድሜው ረዘመ፣ ፈተናው ተለወጠ

የአካባቢው አገራት ባለፉት 30 ዓመታት በጤናው መስክ ያገኙት ውጤት ቀላል አይደለም። እአአ በ1990 በኢትዮጵያ የሚወለድ ሕፃን በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው 47 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። የሕፃናት ክትባት፣ የወባ መከላከያ አጎበር፣ የኤችአይቪ መድኃኒትና ወደ ቀበሌ የወረደው የጤና አገልግሎት ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ይሁን እንጂ በልጅነቱ ከኩፍኝና ከተቅማጥ የተረፈው ትውልድ አሁን ወደ 50ዎቹና 60ዎቹ እየገባ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገራት ስትሮክ ሰዎችን የሚያጠቃው በበለፀጉት አገራት ከሚታየው ቢያንስ አንድ አስርት ዓመት ቀደም ብሎ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህም ሰው ልጆቹን አስተምሮ ሳይጨርስ፣ ቤተሰቡን በሚያስተዳድርበት ዕድሜ ማለት ነው።

ታሪኩ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በሐርጌሳም ሆነ በካምፓላ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። የ50 ዓመት ሾፌር ወይም መምህር ጠዋት በሰላም ከቤት ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። ከሞት ቢተርፍም ከዚያ በኋላ ገቢው ይቋረጣል፣ ሚስት ገበያውን ትታ አስታማሚ ትሆናለች፣ ለትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ለሕክምና ይውላል። የጉዳቱ መነሻ ግን ከዓመታት በፊት በአምስት ደቂቃ ልኬት ሊታወቅ ይችል የነበረ ነገር ነው።

ከሐይቁ ዳር ወደ ናይሮቢ

ከዶኒሰን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ተነሱ። የምሥራቅ አፍሪካ ገጠሬ ከከፍተኛ ግፊት የተጠበቀው በተፈጥሮው ነው ወይስ በአኗኗሩ?

በ1960ዎቹ በካምፓላው ማኬሬሬ ያስተምር የነበረው ጄራልድ ሼፐር በሰሜን ኬንያ የሚኖሩትን የሳምቡሩ አርብቶ አደሮች አጠና። የሰዎቹ ግፊት በዕድሜ እየጨመረ እንደማይሄድ አረጋገጠ። ከእነዚሁ ወጣቶች መካከል ወደ ኬንያ ጦር ሠራዊት ገብተው ጨው የበዛበትን የካምፕ ቀለብ መመገብ የጀመሩት ግን በአገልግሎት ዘመናቸው ግፊታቸው ከፍ ማለቱን የእሱና የባልደረቦቹ ጥናት አሳየ።

ከሁሉ የጠራውን መልስ ያስገኘው እአአ በ1990 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ አቅራቢያ ከሚገኝ የሉኦ ማኅበረሰብ አካባቢ ወደ ናይሮቢ የፈለሱ ከ300 በላይ ሰዎችን፣ በቀያቸው ከቀሩ ወገኖቻቸው ጋር እያነጻጸሩ እስከ ሁለት ዓመት ተከታተሉ። የሁለቱ ቡድኖች የዘር ሐረግም ሆነ የልጅነት ዘመን አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው ከተማው ብቻ ነበር።

ወደ ናይሮቢ የሄዱት ሰዎች ግፊት ከፍ ያለው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ሳይሆን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሽንት ምርመራቸው ሶዲየም እንደጨመረና ፖታሲየም እንደቀነሰ አሳየ። በሌላ አነጋገር ጨው የበዛበት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያነሰበት ምግብ መመገብ ጀምረዋል። ክብደታቸውና የልብ ምታቸውም ጨምሯል።

ተመሳሳይ ነገር በሌላ መንገድ በኢትዮጵያውያን ላይም ታይቷል። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ የገጠር ገበሬዎች ነበሩ። በአገራቸው ሳሉ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። እስራኤል ከገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በወጣቶቹ መካከል ሳይቀር በሽታው በብዛት መታየት እንደጀመረ ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንስቶ የወጡ ጥናቶች መዝግበዋል። ዛሬ ወደ አሜሪካ፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሄድ የአካባቢው ተወላጅም ይህንኑ ለውጥ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያልፋል።

መፍትሔው ወደኋላ መመለስ አይደለም

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ መድረስ ቀላል ነው። በ1929 የነበረው ኬንያዊ ገበሬ የደም ቧንቧው ጤናማ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም አልነበረም። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች፣ ረሃብና የወሊድ ችግር ብዙዎችን ቀድመው ይቀጥፉ ነበር። ማንም ወደዚያ ዘመን መመለስ አይሻም።

ትምህርቱ ሌላ ነው። ግፊት ከዕድሜ ጋር የግድ የሚመጣ ዕዳ አይደለም። ከአኗኗር ጋር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በአኗኗር ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። የከተማን በረከት፣ ማለትም ክትባቱን፣ ሐኪሙንና ንጹሕ ውኃውን ይዞ፣ ከገጠሩ አኗኗር ለልብ የሚበጀውን ማስቀረት ይቻላል።

የጥቅሙ መጠንም ትንሽ አይደለም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ120,000 በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለሦስት አስርት ዓመታት ያህል ተከታትለው እአአ በ2018 ባሳተሙት ጥናት አምስት ልማዶችን መዝነዋል። እነዚህም ፈጽሞ አለማጨስ፣ ጤናማ ክብደት መያዝ፣ በየቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ጤናማ ምግብ መመገብና አልኮልን አለማብዛት ናቸው። አምስቱንም የያዘች የ50 ዓመት ሴት አንዱንም ካልያዘች ይልቅ በአማካይ 14 ዓመት፣ ወንድ ደግሞ 12 ዓመት ገደማ ተጨማሪ ዕድሜ እንደሚጠብቀው አስልተዋል።

ጨው፦ ከአሞሌ እስከ ታሸገ ማጣፈጫ

በአፍሪካ ቀንድ ጨው ታሪክ ያለው ነገር ነው። ከአፋር ምድር በግመል ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ለዘመናት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ውድ በነበረበት ዘመን ሰው የሚበላው በቁጠባ ነበር። ዛሬ ግን ከሸቀጦች ሁሉ ርካሹ ሆኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሲሆን በወጥ፣ በዳቦና በማባያ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። የዓለም አማካይ ከዚህ እጥፍ በላይ ነው። በኢትዮጵያ በ2015ቱ ዳሰሳ የተገመተው አማካይ መጠን 8 ግራም ገደማ ነበር።

በእኛ ማዕድ ጨው በአንድ በር ብቻ አይገባም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይጨመርበታል። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ሚጥሚጣና አዋዜ ሲቀርቡ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ይመጣል። በኬንያና በታንዛኒያ ከተሞች የተጠበሰ ሥጋ ከጎኑ ጨው ተቆልሎለት ይቀርባል። የታሸጉ የወጥ ማጣፈጫዎች፣ ፈጣን ፓስታዎችና ጥብሳ ጥብሶች ሲጨመሩ መጠኑ ሳይታወቅ ያሻቅባል።

"ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ" የሚለው ተረት ጨው የሚጣፍጠው በልኩ ሲሆን መሆኑን አይነግረንም። ምላስ ግን ይለመዳል። ጨውን በአንድ ቀን ከመቁረጥ ይልቅ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ይሻላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀድሞ ልክ የነበረው ወጥ የበዛበት ሆኖ ይሰማል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሎሚ ክፍተቱን ይሞላሉ። የሚቀረው ጨው ግን አዮዲን ያለበት መሆን አለበት፤ አዮዲን እንቅርትንና በጽንስ አእምሮ ላይ የሚደርስን ጉዳት ይከላከላልና።

የጨው ዓይነትን መለወጥም ውጤት አለው። በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ ወደ 21,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተካሄደና እአአ በ2021 በታተመ ጥናት፣ ከሶዲየሙ ሩብ ያህሉ በፖታሲየም የተተካበት ጨው የተጠቀሙት ሰዎች በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው በ14 በመቶ ቀንሷል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር እንዲህ ዓይነቱን ጨው መጠቀም የለበትም።

የአገር ምግብ እንደ መድኃኒት

ፖታሲየም ሰውነት ትርፍ ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወግድ ይረዳል። ለማግኘት ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ጎመን፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር በአካባቢው ገበያ ሁሉ አሉ። ኬንያውያን ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ቅጠልም ከዚሁ ወገን ነው። ሆኖም በኢትዮጵያው ዳሰሳ ከተጠየቁት አዋቂዎች መካከል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቂ አትክልትና ፍራፍሬ አይመገቡም።

እአአ በ1997 በአሜሪካ በታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ በብዛት እንዲመገቡ የተደረጉ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 11 ነጥብ ወርዷል። ለውጡ መታየት የጀመረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነበር።

የጤፍ፣ የማሽላና የገብስ ምግቦች ከነጭ ዱቄት ዳቦ የተሻለ አሰር አላቸው። የጾም ማዕድም ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል የሚበዛበት በመሆኑ ለልብ የሚስማማ መሠረት ነው። በዘይት የተጠበሰና ስኳር የበዛበት ሲሆን ግን ጥቅሙን ያጣል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ክኒኑን ከማቋረጥ ይልቅ ሰዓቱን ስለማስተካከል ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

ሾፌሩና ረዳቱ

እንቅስቃሴ ዕድሜን እንደሚያራዝም ከመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከለንደን አውቶቡሶች ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እአአ በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉትን ሾፌሮች በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ጋር አነጻጸሩ። የትኬት ቆራጮቹ የልብ ሕመም ከሾፌሮቹ ግማሽ ያህል ነበር። ሞሪስ ራሱ እንቅስቃሴን ሳያቋርጥ ኖሮ በ99 ዓመቱ አረፈ።

በሰሜን ታንዛኒያ ኢያሲ ሐይቅ አካባቢ እያደኑና ሥር እየማሱ የሚኖሩት ሐድዛዎች በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ልብን በሚያነቃቃ እንቅስቃሴ ላይ እንደሚያሳልፉ ተመራማሪዎች ለክተዋል። በመካከላቸው ከፍተኛ ግፊት የሚታየው በጥቂቱ ነው።

ለከተሜው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ተመጣጣኝ እንቅስቃሴ ይበቃል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መሄድ ማለት ነው።

ብዙዎች የሰሙት "በቀን 10,000 እርምጃ" የሚለው ቁጥር ከሕክምና ጥናት የመጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ወርቅ ካጠለቀበት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ከዚያም ያነሰ እርምጃ ትልቅ ጥቅም እንዳለው ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ጥቅሙ ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ ላይ ሲደርስ ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ 10,000 አልሞላልኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ኪጋሊ ከ2016፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የተመረጡ ጎዳናዎችን ከተሽከርካሪ ነፃ የሚያደርጉባቸውን ቀናት አስተዋውቀዋል። "መንገድ ለሰው" የተባለው የአዲስ አበባው ልምድ፣ የከተማ ሰው ለመንቀሳቀስ ፈቃደኝነት ብቻ ሳይሆን የሚረግጠው መሬትም እንደሚያስፈልገው ያስታውሳል።

ጫት፣ ትምባሆና መጠጥ

ከጅቡቲ እስከ ሜሩ፣ ከሐረር እስከ ሞቃዲሾ የሚቃመው ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እንቅልፍን ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም ከሲጋራ ጋር አብሮ ይሄዳል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደጋው ይበልጣል።

ስለ ትምባሆ ያለው ማስረጃ እጅግ የጠራ ነው። ከ1951 ጀምሮ ከ34,000 በላይ ብሪታኒያውያን ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ የሚያጨሱት ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አረጋግጧል። ጥናቱ ተስፋም ይሰጣል። በ60 ዓመት ያቆመ 3 ዓመት፣ በ50 ያቆመ 6 ዓመት፣ በ40 ያቆመ 9 ዓመት ገደማ ይመለስለታል። በ30 ያቆመ ደግሞ የሚያጣውን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል ያስቀራል።

አልኮል በበዛ ቁጥር ግፊት ይጨምራል። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ አረቄም ይሁን ቢራ ልዩነት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ፍጹም አደጋ የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ይገልጻል።

ክብደት፣ እንቅልፍና ሰው

ከልክ ያለፈ ክብደት ያለው ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ ግፊቱ በግምት አንድ ነጥብ ይወርዳል። ቦርጭን የሀብትና የድሎት ምልክት አድርጎ የማየት ልማድ ስለዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ለአብዛኛው አዋቂ በቀን ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛትም ልብን ያሳርፋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሰው ለሰው ግንኙነት ነው። ከ300,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 148 ጥናቶች አሰባስቦ እአአ በ2010 የወጣ ትንታኔ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። የቡና ጎረቤት፣ ዕድርና ማኅበር ከከተማ ሕይወት ጥድፊያ ጋር እየሳሱ ሲሄዱ የሚጠፋው ባህል ብቻ አይደለም።

በትክክል መለካት

ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ግፊቱን ማወቅ አለበት። በቤተሰቡ ውስጥ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ሕመም የነበረበት ሰው ደግሞ በየዓመቱ ቢለካ ይመረጣል። ልኬቱ እንዳይሳሳት የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

• ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ከባድ እንቅስቃሴ አያድርጉ።
• ሽንትዎን ይሽኑ፤ ለአምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጠው ይረፉ።
• ጀርባዎን ደገፍ፣ እግርዎን መሬት ላይ ዘርጋ አድርገው ይቀመጡ፤ እግርዎን አያነባብሩ።
• ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ማሰሪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር።
• በሚለኩበት ጊዜ አይናገሩ። ከአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ።

የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ነፍሰ ጡር ሴቶች በእያንዳንዱ ክትትል መለካት ይገባቸዋል፤ በእርግዝና ወቅት የሚነሳ ግፊት ለእናትም ለጽንሱም አደገኛ ነው።

"ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም

ልማድን ማስተካከል ለብዙዎች ብቻውን አይበቃም። መድኃኒት ያስፈልጋል። የግፊት ክኒን እንደ ወባ መድኃኒት ተወስዶ የሚጨረስ አይደለም። ቁጥሩ የወረደው ክኒኑ ስለሚሠራ ነው፤ ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል። ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ እአአ የ2016 ትንታኔ እንዳሳየው፣ የላይኛውን ቁጥር በ10 ነጥብ መቀነስ የስትሮክን አደጋ በሩብ ያህል፣ ከማንኛውም ምክንያት የሚመጣን ሞት ደግሞ በ13 በመቶ ይቀንሳል።

ክኒኑ የሚያስነጥስ፣ የሚያስል ወይም የሚያደክም ከሆነ መልሱ ማቆም ሳይሆን ለሐኪም መንገር ነው። ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለና። ጸበል የሚጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ወይም ነጭ ሽንኩርት የሚወስድ ሰውም እምነቱንና ልማዱን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ ይችላል፤ አንዱን ለሌላው መተው አይጠበቅበትም።

የግለሰብ ጥረት ብቻ በቂ ነውን?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፊንላንዷ ሰሜን ካሬሊያ በልብ ሕመም ሞት በዓለም ከሚጠቀሱት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። በ1972 የተጀመረው ፕሮግራም ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን የቤት እመቤቶችን ማኅበራት፣ ዳቦ ጋጋሪዎችንና የምግብ ፋብሪካዎችን አሳተፈ። በአራት አስርት ዓመታት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ የልብ ሕመም ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሰው ልማዱን የለወጠው በዙሪያው ያለው ገበያና ማኅበረሰብ አብሮት ስለተለወጠ ነው።

ምሥራቅ አፍሪካም የሚነሳበት መሠረት አለው። ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው ፕሮግራም ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ወደ ቀበሌ አውርዷል። ኬንያ በ2023 ለ100,000 ያህል የማኅበረሰብ ጤና አራማጆች የግፊት መለኪያን ጨምሮ የሥራ መሣሪያ የያዘ ቦርሳ ማደል ጀምራለች። በባንግላዴሽ፣ በፓኪስታንና በስሪላንካ ገጠሮች የተካሄደና በ2020 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲለኩና ሲመክሩ የሕሙማኑ ግፊት በአማካይ 5 ነጥብ ተጨማሪ እንደሚወርድ አሳይቷል።

ቀሪው ሥራ የታወቀ ነው። ርካሽ የሆኑት የግፊት ክኒኖች ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፉ ማድረግ፣ በታሸገ ምግብ ላይ የጨው ልክ መወሰን፣ የእግረኛ መንገድ መሥራት። ክትባትን ወደ እያንዳንዱ መንደር ያደረሰ የጤና ሥርዓት መለኪያን ማድረስ አያቅተውም።

ዶኒሰን በ1920ዎቹ መጨረሻ የለካቸው ሰዎች ስለ ጨውም ሆነ ስለ ፖታሲየም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ኑሯቸው ራሱ ይጠብቃቸው ነበር። የዛሬው ከተሜ ያ ጥበቃ የለውም፤ በምትኩ ግን እነሱ ያልነበራቸው ዕውቀት፣ መለኪያና መድኃኒት አለው። የመጀመሪያው እርምጃ ደግሞ ትንሽ ነው። በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ የራስን ሁለት ቁጥሮች ማወቅ።